የእግር ደም መልስ ሥርን ከውስጥ መዝጋት ምንድን ነው?

ስለ ቫሪኮስ ቬይን (በእግር ላይ ሰፍተውና ተጠማዝዘው ስለሚታዩ ደም መልስ ሥሮች) ሕክምና በተጻፈ ቁጥር «ሥሩ ከተዘጋ ደሙ በየት በኩል ወደ ልብ ይመለሳል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ብዙ ጊዜም የሚነሣው መልስ ለማግኘት ሳይሆን ሕክምናውን ለማውገዝ ነው። ሰሞኑን ያነበብኩት አንድ አስተያየት ሰጪ ደግሞ ከጥያቄም አልፎ ፍርድ ሰጥቷል፦ ሐኪሞች በሌዘር ደም ሥርን «አቃጥለው» የእግርን የደም ዝውውር እንደሚያቋርጡ፣ እግሩም ውሎ አድሮ እንደሚበላሽ በእርግጠኝነት ጽፏል። ይህን አምኖ ከሕክምና የሚሸሽ ሰው በቁርጭምጭሚቱ ላይ የማይደርቅ ቁስል ይዞ ዓመታት ሊቆይ ስለሚችል፣ ነገሩን በዝርዝር ማስረዳት ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

ከውስጥ መዝጋት ማለት ቫልቮቹ፣ ማለትም ደሙ ተመልሶ እንዳይወርድ የሚይዙት ክዳኖች፣ የተበላሹበትን ከቆዳ በታች ያለ ደም መልስ ሥር፣ ቆዳን ሳይሰነጥቁ፣ በመርፌ ቀዳዳ በሚገባ ቀጭን ቱቦ አማካይነት በሙቀት፣ በመድኃኒት ወይም በማጣበቂያ ደፍኖ ከአገልግሎት ማስወጣት ነው። አስተያየት ሰጪው የሳተው፣ የሚዘጋው ሥር ደም ወደ ልብ መመለሱን ያቆመና ይልቁንም ቁልቁል እያወረደ ያለ ሥር መሆኑን ነው።

ከእግር ወደ ልብ ከሚመለሰው ደም 90 በመቶ ያህሉ የሚጓዘው በጡንቻዎች መካከል በሚያልፉት ጥልቅ ደም መልስ ሥሮች ነው። የላይኞቹ ሥሮች፣ ከእነርሱም ዋነኛው ከቁርጭምጭሚት ተነሥቶ በእግር ውስጠኛ ጎን እስከ ብሽሽት የሚዘልቀው ትልቁ ሳፊነስ፣ የቀረውን ድርሻ ሰብስበው ለጥልቆቹ ያስረክባሉ። ቀጥ ብሎ በቆመ ሰው ቁርጭምጭሚት ላይ በደም መልስ ሥር ውስጥ ያለው ግፊት ወደ 90 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይደርሳል፤ ያው ሰው መራመድ ሲጀምር የባቱ ጡንቻ ደሙን እየጨመቀ ወደ ላይ ስለሚገፋው፣ ቫልቮቹም ተመልሶ እንዳይወርድ ስለሚይዙት፣ ግፊቱ ወደ 30 እና ከዚያም በታች ዝቅ ይላል። ቫልቮቹ የማይገጥሙ ከሆነ ግን ጡንቻው በድካም ያወጣው ደም በላይኛው ሥር በኩል ተመልሶ ይወርዳል፣ ሰውየው እየተራመደ እንኳ ግፊቱ እንደሚገባው አይቀንስም። የእግር መክበድ፣ ወደ ማታ የሚብስ እብጠት፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚታየው የቆዳ መጥቆርና መጠንከር፣ በመጨረሻም ቁስሉ የሚመጡት ከዚህ አልወርድ ካለው ግፊት ነው።

ነገሩን በመንገድ ላስረዳ። ከመንደር ወደ ከተማ የሚወስድ አንድ ሰፊ ዋና መንገድና ከጎኑ የሚሄድ አንድ ጠባብ መንገድ አሉ እንበል፤ ሁለቱም መኪና ሽቅብ ብቻ እንዲሄድባቸው የተሠሩ ናቸው። በጠባቡ መንገድ ላይ የቆሙት ተቆጣጣሪዎች ሥራቸውን ቢተዉና በዋናው መንገድ ወደ ላይ የደረሱ መኪኖች ወደ ጠባቡ እየታጠፉ ቁልቁል መውረድ ቢጀምሩ፣ ታች ሲደርሱ መውጫ ስለሚያጡ እንደገና ወደ ዋናው መንገድ ይገባሉ። ዋናው መንገድ እንግዲህ ከመንደሩ አዲስ የሚነሡትን ብቻ ሳይሆን አንድ ጊዜ ያሳለፋቸውንም ደጋግሞ ይሸከማል፤ የታችኛው መገናኛም ተጨናንቆ ይውላል። ጠባቡን መንገድ የሚዘጋ ሰው ይህን ከንቱ ዙር ያቋርጣል እንጂ ወደ ከተማ የሚደርሰውን መኪና አይቀንስም። በጠባቡ መንገድ ዳር የሚኖሩትም ታግተው አይቀሩም፤ በየመካከሉ ወደ ዋናው የሚያገናኙ አጫጭር መንገዶች ስላሉ በእነርሱ በኩል ይወጣሉ፤ በእግር ውስጥ የዚህን ሥራ የሚሠሩት የላይኞቹን ሥሮች ከጥልቆቹ ጋር የሚያገናኙት አገናኝ ሥሮች ናቸው። ዋናው መንገድ ራሱ በድግግሞሹ ጭነት ተጎድቶ ከነበረም ሸክሙ ሲቀልለት ሊያገግም ይችላል፤ በአንዳንድ ሕሙማን ላይ በጥልቁ ሥር ይታይ የነበረው የደም ቁልቁል መመለስ የላይኛው ከተዘጋ በኋላ እንደሚቀንስ በአልትራሳውንድ እናያለን። ነገር ግን ዋናው መንገድ በናዳ ተዘግቶ መኪናው ሁሉ በጠባቡ ብቻ እየወጣ ከሆነ፣ ጠባቡን መዝጋት ጉዳት ነው። የአስተያየት ሰጪው ስጋት እውነት የሚሆነው በዚህ ሁኔታ ብቻ ሲሆን፣ ሐኪሙም ከሁሉ አስቀድሞ ሊያጣራው የሚገባው ይህንኑ ነው።

ሳፊነስ ሥር ሳይኖር እግር ሊኖር እንደሚችል የሚያሳየው ማስረጃ ከዚህ ሕክምና በፊትም ነበረ። አርጀንቲናዊው ቀዶ ሐኪም ሬኔ ፋቫሎሮ እ.ኤ.አ. በ1967 በክሊቭላንድ ክሊኒክ ለልብ ሕሙማን የሳፊነስ ሥርን ለማለፊያነት መጠቀም ከጀመረ ወዲህ፣ ይህ ሥር ጤናማ ሆኖ ሳለ ከእግር ተወስዶ የተዘጋውን የልብ ደም ቅዳ እንዲተካ ይደረጋል። ሥሩ የተወሰደበት እግር ለጊዜው ሊያብጥ ይችላል፤ የደም ዝውውሩ ግን አይቋረጥም። የታመመውን ሥር በቀዶ ሕክምና መዝዞ ማውጣትም ከ100 ዓመት በላይ ሲሠራበት የቆየ ነው። ሥርን በሞላው ነቅሎ ማውጣት እግርን ካላጠፋ፣ እዚያው ቦታው ላይ መዝጋቱ ያጠፋል የሚል ክርክር የሚቆምበት መሠረት የለውም።

በዚህ ላይ «እንግዲያውስ ለልብ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ስለሚችል ሥሩ ይቀመጥ» የሚል መልስ ይሰጣል፤ ይህ ከመጀመሪያው የተሻለ ክርክር ነው። ይሁንና የሰፋና የተጠማዘዘ ሥር ለልብ ማለፊያነት በአብዛኛው አይመረጥም። ክርክሩ የሚሠራው ጤናማ ሥርን ለመጠበቅ ሲሆን፣ በዚህ እኔም ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ በላይኞቹ ሥሮች ውስጥ የደሙ ቁልቁል መመለስ በአልትራሳውንድ ከግማሽ ሰከንድ በላይ መቆየቱ ሳይረጋገጥ፣ ወይም የታማሚው ሕመም ከዚያ ሥር የሚመጣ መሆኑ ሳይለይ ሳፊነስን መዝጋት የሙያ ጉድለት ነው።

ሌላው ስሕተት «ሌዘር» የሚለውን ቃል ለሁሉም ነገር መጠቀም ነው። በቆዳ ላይ ከውጭ የሚበራው ሌዘር ስፋታቸው ከአንድ ሚሊሜትር ለማይበልጡ፣ በቆዳው ውስጥ ለሚታዩ ቀያይና ሰማያዊ ጭረቶች የሚውል ሲሆን በሳፊነስ ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም። ከውስጥ በሚዘጋው ሕክምና ግን የሌዘሩ ብርሃን የሚሄደው ወደ ሥሩ በገባ ቀጭን ክር ጫፍ ሲሆን፣ ቱቦው በአልትራሳውንድ እየታየ ከገባ በኋላ ቀስ እየተባለ ወደ ኋላ ይሳባል፤ ሙቀቱም የሥሩን ግድግዳ አኮማትሮ ይደፍነዋል። አሁን በስፋት የሚሠራበት የ1470 ናኖሜትር ሞገድ በግድግዳው ውስጥ ባለው ውሃ በደንብ ስለሚዋጥ፣ ከቀደሙት መሣሪያዎች ባነሰ ጉልበት ይሠራል። የሬዲዮ ሞገድ ዘዴም ያንኑ በሌላ መንገድ ያደርጋል፦ ሰባት ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው የቱቦው ጫፍ እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል፣ በእያንዳንዱ ክፍል ላይ 20 ሰከንድ ቆይቶ ወደሚቀጥለው ይሸጋገራል። የተዘጋው ሥር በወራት ውስጥ ወደ ጅማት መሰል ነገር ተለውጦ በሰውነት ይዋጣል።

«ማቃጠል» የሚለው ቃል የሚያስፈራቸው ሰዎች ስለ ማደንዘዣው ቢነገራቸው መልካም ነው። ሙቀቱ ከመለቀቁ በፊት በጣም የቀጠነ ሊዶካይን የተባለ ማደንዘዣ ያለበት ብዙ ፈሳሽ ሥሩን ዙሪያውን እንዲከብበው ይወጋል። ይህ ፈሳሽ ሕመሙን ያደነዝዛል፤ ሥሩን ጨምቆ ግድግዳውን ከቱቦው ጋር ያገናኘዋል፤ ቆዳውንና ነርቩን ከሙቀቱ አርቆም ሙቀቱን ራሱ ይውጠዋል። ታማሚው ሙሉ ማደንዘዣ ሳያስፈልገው ሕክምናውን ጨርሶ ወዲያው ተነሥቶ እንዲራመድ የሚያስችለው በዋናነት ይህ ነው። መራመዱም የሕክምናው አካል ነው፤ የባት ጡንቻ ሲሠራ በጥልቁ ሥር ደም እንዳይረጋ ይረዳል።

ሙቀት የማይጠቀሙት ዘዴዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። ሳይኖአክሪሌት የተባለው ማጣበቂያ ያን ሁሉ ማደንዘዣ አይፈልግም፤ በአንጻሩ በአንዳንድ ሰዎች ላይ በሥሩ መሥመር መቅላትና ማሳከክ ያለበት የአለርጂ ምላሽ ያስከትላል፣ ማጣበቂያውም ባዕድ ነገር ሆኖ በሰውነት ውስጥ ይቆያል። አረፋው ደግሞ እንደ ፖሊዶካኖል ያለ መድኃኒት በሁለት ሲሪንጆች መካከል ከአየር ጋር ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ የሚዘጋጅ ሲሆን፣ የሥሩን ውስጠኛ ገጽ ጎድቶ እንዲጣበቅ ያደርገዋል። ቱቦ ለማይገባባቸው ጠመዝማዛ ሥሮችና ቀድሞ ታክመው ለተመለሱ ችግሮች ምቹ ነው፤ ትልቁን ሳፊነስ ዘግቶ በማቆየት ግን ከሙቀት ያንሳል።

ይህ ሁሉ «ለውበት ብቻ» የሚደረግ ነው የሚሉትን አጥብቄ እቃወማለሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመው ኤቭራ የተባለ የብሪታንያ ጥናት፣ ከደም መልስ ሥር ችግር የመጣ የእግር ቁስል የነበረባቸውን 450 ሰዎች በሁለት ከፍሎ ነበር፤ ሁሉም እግራቸው በሕክምና ፋሻ ይታሰር ነበር፣ ልዩነቱ ሥሩን ቶሎ መዝጋትና ማዘግየት ብቻ ነበር። ቶሎ በተዘጋላቸው ቁስሉ የዳነበት አማካይ ጊዜ 56 ቀን ሲሆን፣ በዘገየላቸው 82 ቀን ነበር። የብሪታንያው የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ሙቀትን በቅድሚያ፣ ካልተቻለ አረፋን፣ ከዚያ ቀዶ ሕክምናን አስቀምጦ፣ ጥብቅ ካልሲን በብቸኛ ሕክምናነት የተወው እነዚህ ለማይሆኑለት ሰው ነው። ካልሲ እብጠትንና ሕመምን ያስታግሣል፤ የተበላሸ ቫልቭን ግን አይጠግንም።

በሌላ ወገን ያሉት አጋናኞችም መታረም አለባቸው፤ ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ብቻ ነው ማለት ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ከጉልበት በታች ያለው የሳፊነስ ክፍልና በባት ጀርባ የሚሄደው ትንሹ ሳፊነስ ከስሜት ነርቮች ጋር ተጠግተው ስለሚጓዙ፣ ሙቀት የመደንዘዝ ስሜት ሊተው ይችላል። የቆዳ መጠቆር፣ በሥሩ መሥመር የሚሰማ መወጠርና ቁስለት መሰል ሕመም ያጋጥማሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ በጊዜ ሂደት ይለቃሉ። የረጋው ደም ከተዘጋው ሥር አልፎ ወደ ጥልቁ እንዳይገባ የቱቦው ጫፍ ሳፊነስ በብሽሽት ከጥልቁ ሥር ጋር ከሚገናኝበት ቦታ ቢያንስ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ራቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ያም ሆኖ በጥልቅ ሥር ደም መርጋት በጥቂት ሰዎች ላይ ይከሰታል። ችግሩ ተመልሶ ሊመጣም ይችላል፣ ምክንያቱም የተዘጋ ሥር የሚከፈትበት ጊዜ አለ፣ ሌላ ሥርም በዓመታት ውስጥ ሊበላሽ ይችላል። ቀዶ ሕክምናም ጊዜው ያለፈበት ነገር ተደርጎ መቆጠር የለበትም፤ በብሪታንያ 798 ሰዎችን ባሳተፈውና ክላስ በተባለው ጥናት ከአምስት ዓመት በኋላ ከበሽታው ጋር የተያያዘው የኑሮ ጥራት በሌዘርና በቀዶ ሕክምና ከታከሙት ይልቅ በአረፋ በታከሙት ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኝቷል።

ወደ ዋናው መንገድ ስመለስ፣ ከማንኛውም መዝጋት በፊት የደምን ፍሰት የሚያሳየው የዶፕለር አልትራሳውንድ የግድ ነው፤ የደሙን ቁልቁል መመለስ ለመለካትም ታማሚው ተኝቶ ሳይሆን ቆሞ ሊመረመር ይገባል፣ በተኛ ሰው እግር ላይ መመለሱ ሊሰወር ስለሚችል። ቀደም ሲል በጥልቅ ሥር ደም የረጋበት ሰው፣ ወይም አንድ እግሩ ብቻ እስከ ጭኑ ያበጠ ሰው ከሆነ፣ ምርመራው እስከ ሆድ ውስጥ ሥሮች ድረስ መሄድ አለበት፤ ጥልቁ ተዘግቶ ሳፊነስ የማለፊያውን ሥራ እየሠራ ከተገኘ ሳይነካ ይተዋል። ነፍሰ ጡር ከወለደች በኋላ እንድትጠብቅ ይደረጋል፣ በእርግዝና ጊዜ የሰፉ ሥሮች ከወሊድ በኋላ ብዙ ጊዜ እየቀነሱ ስለሚሄዱ። እግሩ ሲዳሰስ የሚቀዘቅዝ ወይም የእግሩ ትርታ የማይገኝ ሰው ላይ ደግሞ ጥብቅ ካልሲም ሆነ ፋሻ ከመታሰሩ በፊት ወደ እግር ደም የሚያመጡት ደም ቅዳዎች ይመረመራሉ፤ በእነርሱ በኩል የሚመጣው ደም ያነሰበትን እግር መጨመቅ ቆዳውን ሊያሞተው ይችላል። ሕክምናው ካለቀ በኋላም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ አልትራሳውንዱ ተደግሞ የታከመው ሥር መዘጋቱና ጥልቁ ሥር ክፍት መሆኑ በአንድ ላይ ይታያሉ።