የሐዋሳ ልጃገረዶች የብርድ ጊዜ አለባበስ በታላላቆች ዓይን

ሐዋሳ ሞቃት ናት ሲሉት ሰምቶ ሹራብ ሳይዝ የመጣ እንግዳ ሐምሌ ላይ ይጸጸታል። ከተማዋ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ብትሆንም ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ አላት። ፀሐይ ከወጣ ቀኑ ደስ ይላል። ዝናብ ከጣለ ወይም ማታ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ከተነሳ ግን ያለ ጃኬት መቀመጥ ይከብዳል።

ብርዱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የክረምቱ ነው። ክረምት በእኛ አቆጣጠር ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው፤ ብርዱም ጭቃና እርጥበት አለው። ሌላው ከኅዳር እስከ ጥር የሚቆየው ደረቁ ብርድ ነው። ቀኑ ፀሐይ፣ ማለዳው ውርጭ ይሆናል። የወጣት ሴቶች አለባበስ በጣም የሚለዋወጠው በእነዚህ ወራት ነው። የእናትና የአባት አፍም የሚበዛው ያኔ ነው።

ነገሩን በደንብ ለማየት ከቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ወደ ፍቅር ሐይቅ የሚወስደው መንገድ ይበቃል። ከሰዓት 11 ሰዓት አካባቢ ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ሥራ ፈላጊው ሁሉ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። መንገዱ ሰፊ ነው። ጀበና ቡና ይዘው የተቀመጡ እናቶች አሉ፤ ጡረተኞችም አሉ። አላፊ አግዳሚው ከላይ እስከ ታች ይታያል፣ አስተያየትም ይሰጥበታል።

ላዩ ክረምት፣ ታቹ በጋ

የዘመኑ ዋና ልብስ ሁዲ ነው። ሰፊ፣ ረጅም፣ እጅን እስከ ጣት የሚሸፍን ሁዲ። ብዙ ጊዜ የወንድሟን የለበሰች ይመስላል፤ አንዳንዴም በእርግጥ የወንድሟ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ፑፈር የሚሉት ያበጠ ጃኬት ነው። ይኼኛው ወገብ ላይ የሚያልቅ አጭር ሲሆን ይወደዳል። ከዚያ ረጅም ካፖርት አለ፣ ትልቅ ሰው መምሰል ለሚፈልጉ። ከታች ሰፊ ጂንስ ወይም ታይት ይለበሳል። ቁርጭምጭሚት ክፍት ነው። እግር ላይ ነጭ ስኒከር፣ ካልሆነም ካልሲ ላይ የተደረገ ክፍት ጫማ።

ታላላቆች መጀመሪያ የሚታያቸው ይህ አለመጣጣም ነው። አንገቷ ድረስ ተጠቅልላ ወገቧና እግሯ ብርድ ላይ ነው። ፑፈሩን አይቶ «ፍራሹን ተሸክማ ወጣች» የሚል አባት አይጠፋም። እውነቱን ለመናገር አባትየው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ልጅቷም ብትሆን በረደኝ ብላ አይደለም የለበሰችው። ሲያምርባት ለበሰችው፤ ሲያጋጣጥም ደግሞ ያሞቃታል።

የሁዲው ኮፍያ ግን የተለየ ሥራ አለው። ኮፍያ የደፋች ልጅ ለአንዳንድ ሽማግሌ ጎረምሳ ትመስለዋለች፣ ወይም የተደበቀች። ለልጅቷ ግን ጉዳዩ የፀጉር ነው። ፔስትራ የተደረገ ፀጉር ካፊያ ሲነካው የተደከመበት ሁሉ ገደል ይገባል። ዊግና ሂውማን ሄርም ዝናብ አይወዱም። ድንገት ዝናብ ሲጥል ከቦርሳዋ ፌስታል አውጥታ ፀጉሯ ላይ አጥልቃ፣ ኮፍያውን ከላይ ደፍታ ባጃጅ የምትጠብቅ ልጅ ማየት የተለመደ ነው። ጃንጥላ መያዝ ግን የብዙዎቹ ሞት ነው። ጃንጥላ የእናት ነው፣ ፋራ ያስብላል። እናቶች ደግሞ ለዝናብም ለፀሐይም አይለዩትም።

የነጭ ስኒከሩ ነገር ለብቻው ቢወራበት ያስኬዳል። ዋና ዋናዎቹ መንገዶች አስፋልት ናቸው፣ ብዙ የውስጥ ለውስጥ መንገድም ኮብልስቶን ተነጥፎበታል። ወደ ዳር ሰፈሮች ሲወጣ ግን አፈር ነው፤ ክረምት ሲገባም ጭቃ። ልጅቷ ከቤቷ እስከ ባጃጁ በአሮጌ ጫማ መጥታ እዚያ ትቀይራለች፣ አሮጌውን በፌስታል ቋጥራ ቦርሳ ውስጥ ትከታለች። ይህን ማድረግ የሰለቻት ደግሞ ሊስትሮ ጋ ትቆማለች። ሊስትሮው የጫማውን ዳር ዳር በጥርስ ብሩሽና በሳሙና ይፈትጋል። እሷ በፌስታል ላይ አንድ እግሯን አስቀምጣ ስልኳን ታያለች። አጠገቧ ጥቁር ሽፍን ጫማውን ቀለም የሚያስቀባ አዛውንት ካለ አንድ ነገር ሳይል አይነሳም። «በክረምት ነጭ?» ይላል። በቃ፣ ሌላ አይጨምርም።

ቦንዳ

ይህ ሁሉ ከየት ይመጣል ለሚል፣ ከሁለት ቦታ ነው። አዲሱ የቻይና፣ የቱርክና የዱባይ ዕቃ ነው፤ ቡቲክ ውስጥ ይሰቀላል፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይም ይለጠፋል። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተተወ ወዲህ ይኼኛው ተወዷል። ሁለተኛው ቦንዳ ነው፣ አባቶች ሰልባጅ የሚሉት። ለንግድ ብሎ ያገለገለ ልብስ ማስገባት ክልክል ነው። ገበያው ግን መቼም ባዶ ሆኖ አያውቅም።

ቦንዳ የሚገዛው በዓይንና በእጅ ነው። ጎበዝ ገዢ መጀመሪያ ዚፑን ትሞክራለች። ቀጥላ ብብቱን ትገለብጣለች፣ ከዚያ ኪሱን። ካፖርቱ በቁመቱ ለትልቅ ፈረንጅ የተሰፋ ስለሆነ ወደ ልብስ ሰፊ ይሄዳል። ልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ ማሽኑን አስቀምጦ እጅጌውን ያሳጥራል፣ ጎኑን ያጠባል፣ የተቀደደውን ገበር ይቀይራል። በመጨረሻ የሚወጣው ካፖርት ለልጅቷ ተለክቶ የተሰፋ ነው የሚመስለው። ዋጋው ከቡቲኩ ጋር አይወዳደርም። የሐዋሳ አለባበስ ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ እንደሚለጠፈው ፎቶ ሳይሆን ለየት ያለ መልክ ያገኘው በእነዚህ ልብስ ሰፊዎች እጅ ይመስለኛል፤ ማንም ግን አያመሰግናቸውም።

እናቶች ቦንዳን ይጠረጥራሉ። የማን ገላ እንደነካው አይታወቅም ይላሉ። በፈላ ውሃና በኦሞ ካልታጠበ፣ ፀሐይ ላይ ካልዋለ ቤት አይገባም። በዚህ እንኳ ልክ ናቸው።

ከዚሁ ጋር የሚታይ አንድ ነገር አለ። ሐዋሳ ውስጥ ሐምሌ 2008 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ይሰፋል፤ የሚሰፉትም በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ናቸው፣ ብዙዎቹ ከሲዳማ ገጠር የመጡ። ምርቱ ለውጭ ገበያ ነው። አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎዋ ከሚባለው ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል ስታስወጣ፣ ታኅሣሥ 2014 ላይ፣ ሥራው ተጎድቶ ነበር። አዲሱ ልብስ ከከተማው ወደ ውጭ ይወጣል፣ ያገለገለው ከውጭ ወደ ከተማው ይገባል። በማለዳ ሰርቪስ የምትጠብቀውን የፓርክ ሠራተኛ ብናያት ረጅም ጉርድ ቀሚስ፣ የቦንዳ ጃኬት፣ ከላይ ነጠላ ደርባለች። በመጀመሪያ ደመወዝ ጃኬት መግዛት በእነሱ ዘንድ የተለመደ ነው። አገር ቤት ለእናት ጋቢ ወይም ሻሽ መላክም እንደዚያው።

«ብርድ ይመታሻል»

አሁን ወደ ወቀሳው። ታላላቆች የልጃገረድ አለባበስ ሲያስቆጣቸው በቀጥታ «ነውር ነው» የሚሉት ጥቂቶች ናቸው። አብዛኞቹ በብርድ በኩል ይመጣሉ። ወገቧ ክፍት የሆነች ልጅ ስታልፍ ቡና የምታፈላው እናት «የኔ እናት፣ ብርድ ይመታሻል፤ ሸፈን አድርጊው» ትላለች። ልጅቷም «እሺ ማዘር» ብላ ጃኬቷን ሳብ ታደርጋለች። ሦስት እርምጃ ሄዳ ትለቀዋለች።

ይህ ዘዴ ብልህ ነው። ነውር ብትባል ትቆጣለች ወይም ታፍራለች። ብርድ ስትባል ግን የታሰበላት ነው የሚመስላት። ደግሞም በሐቅ ይታሰብላታል። በታላላቆች እምነት ብርድ በወገብና በእግር ይገባል፣ ማህፀን ውስጥ ይቀመጣል፣ ነገ መውለድን ያስቸግራል። አራስ የምትሸፋፈነው፣ የገጠር ሴትም ወገቧን በመቀነት ጥብቅ አድርጋ የምትታጠቀው ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ሕክምናው ይህን አይደግፍም። ወገብ ስለተገለጠ ማንም መካን አይሆንም፤ ጉንፋንም የሚመጣው ከቫይረስ ነው። ያም ሆኖ የእናት ክርክር በቫይረስ አይረታም።

የሃይማኖቱ ወቀሳ ቀጥተኛ ነው። ሱሪን በተመለከተ ዘዳግም 22፥5 ይጠቀሳል፤ ሴት የወንድ ልብስ አትልበስ የሚለው። ብዙ ኦርቶዶክስ ልጃገረዶች ይህን በቦርሳ ይፈቱታል። ነጠላና ቀለል ያለ ጉርድ ቀሚስ ቦርሳቸው ውስጥ አለ። የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሲደርሱ ጉርዱን ጂንሱ ላይ ያጠልቃሉ። ሙስሊም ልጃገረዶች ጂልባባቸው ሥር ሁዲ ይለብሳሉ፤ ብርዱን በዚያ ይሸኙታል፤ ከውጭ ምንም አይታይም፣ ወቀሳውም ያንሳል። የእነሱ እናቶች የሚያነሱት ሌላ ነው፤ ቀለሙ ደመቀ፣ ዓባያው ሰውነት ላይ ተጣበቀ ይላሉ።

ነጠላ እንደ ስካርፍ

ከሁሉም በላይ አዛውንት ሴቶችን የሚያስደነግጠው ሁዲም ፑፈርም አይደለም፤ ነጠላው ነው። ነጠላ ሥርዓት አለው። ለቤተ ክርስቲያን መስቀለኛ ይለበሳል። በአዘቦት ጥለቱ ወደ ታች ይሆናል። ለሐዘን ግን ይገለበጥና ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ አንገት ይመጣል። አሁን ልጃገረዶች በታኅሣሥ ብርድ ነጠላውን ጂንስና ጃኬት ላይ እንደ ስካርፍ አንገታቸው ላይ ይጠመጥሙታል። ጥለቱ ቆንጆው ክፍል ስለሆነ እንዲታይ ወደ ፊት ያወጡታል። አንዲት አሮጊት ይህን ስታይ ፋሽን አይታያትም። ደንግጣ «ማን ሞተብሽ ልጄ?» ትላለች። የምሯን ነው።

ይህ በተለይ የሚታየው በገብርኤል ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሐዋሳ ገብርኤል ከየአገሩ በሚመጣ ሰው ይጨናነቃል። ሁለቱም ቀኖች ብርዱ ላይ ይወድቃሉ፤ አንዱ በውርጩ፣ አንዱ በዝናቡ። ከሌሊት ጀምሮ የሚቆም ሕዝብ ስለሆነ ነጠላ ብቻውን አይበቃም። ጋቢ ይደረባል። ጋቢ ለረጅም ጊዜ የአባቶችና የሕመምተኛ ልብስ ተደርጎ ይታይ ነበር፤ ዛሬ ግን ወጣቶቹ ጠርዙ በቀለም የተጠለፈውን እየመረጡ ለፎቶ ጭምር ይለብሱታል። እዚህ ላይ ታላላቅና ታናሽ ይስማማሉ። ትንሽ ቅሬታ ቢኖር ዋጋው ላይ ነው።

ታላላቆችም አንድ አይደሉም

ሐዋሳ እንደ ከተማ ዕድሜዋ አጭር ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተቆረቆረች ናት፤ ከመጀመሪያ ነዋሪዎቿ መካከል ጡረተኛ ወታደሮች ነበሩ። ሽማግሌዎቿ ከሲዳማ፣ ከወላይታ፣ ከጉራጌ፣ ከአማራ፣ ከኦሮሞ፣ ከከምባታ ናቸው። የብርድ መለኪያቸውም ይለያያል። ከሁላ ሐገረ ሰላም ደጋ የወረዱ እናት የሐዋሳን ብርድ ብርድ አይሉትም። ቡልኮ ለብሰው ያደጉ ሰው ናቸው። ፑፈር የለበሰችውን የልጅ ልጃቸውን እያዩ ይስቃሉ።

በ1960ዎቹ ወጣት የነበሩትም ለብቻቸው ናቸው። የፎቶ አልበማቸው ውስጥ አፍሮ አለ፣ ታቹ የሰፋ ቦላሌ አለ፣ ሚኒ አለ። ልጆቻቸው አልበሙን ካገኙ በኋላ ወቀሳው ይቀዘቅዛል። በነገራችን ላይ የሴት ልብስ ላይ መጮኽ የሽማግሌ ብቻ ሥራ ሆኖ አያውቅም። መጋቢት 1960 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፋሽን ትርኢት ሲዘጋጅ አደባባይ የወጡት ተማሪዎች ራሳቸው ነበሩ። ትርኢቱ የባዕድ ባህል ነው ብለው ተቃወሙ፤ ነገሩ ከሮ ዩኒቨርሲቲው እስከ መዘጋት ደረሰ።

አባቶች ከእናቶች ይልቅ ዝምተኞች ናቸው። የሚናገሩት በእናት በኩል ነው፤ «ለልጅሽ ንገሪያት» ይላሉ። ልጅቷም መልሱን በእናቷ በኩል ትልካለች። እናቶች መሃል ሆነው ሁለቱንም ይቆጣሉ።

እናቶች ሁዲውን የሚነቅፉት ግን እስኪወርሱት ድረስ ነው። ፋሽኑ ያለፈበት ሁዲ አይጣልም፣ ወደ እናት ይዞራል። ማለዳ ጉሊት ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ የዘረጉ ሴቶችን ያየ ሰው ከነጠላቸው ሥር የፈረንጅ ኮሌጅ ስም የተጻፈበት ሁዲ አያጣም። ሁዲው ይሞቃል፣ ኪሱ ዚፕ ስላለው ብር ይይዛል። ልጅቷ በሚቀጥለው ዓመት ፋሽኑ ተመልሶ መጣ ብላ ስትጠይቅ ግን እናትየው አትሰጥም።