የድሮ የእንግሊዝ ስፖርት መኪናን በአዲስ አበባ ግቢ ውስጥ ማደስ

ኤም ጂ ቢ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 በእንግሊዟ አቢንግደን የተሠራች፣ 1,798 ሲሲ ሞተር ያላት ትንሽ የስፖርት መኪና ናት። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ቮልስና እንደ ፊያት በየሰፈሩ የምትታይ አይደለችም። ቢሆንም እንዲህ ያለችን መኪና መሐል ከተማ፣ በመኖሪያ ግቢ ውስጥ ፈትቶ መግጠም ይቻላል። የሚቻለውም ዕቃው ስላለ ሳይሆን ባለሙያው ስላለ ነው። ሶማሌ ተራ ለጃፓን መኪና የሞላውን ያህል ለእንግሊዝ መኪና አይሞላም፤ መርካቶ ዙሪያ ያለ ቶርኖ ቤት ግን ያለቀውን ቡሽ አይቶ አምሳያውን ያወጣል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ለመለዋወጫ የምትፈታ ሌላ መኪና ማምጣት የማይታሰብ ስለሆነ፣ ይህ ሙያ ይበልጥ ሊከበር ይገባዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ቦዲው ነው። ኤም ጂ ቢ ራሱን የቻለ ሻሲ የላትም። ወገቧን የሚሸከሙት ከበሮቹ ሥር ያሉት፣ ላሜራ በላሜራ ተደራርቦ የተበየደባቸው የጎን ሳጥኖች ናቸው። የክረምት ጭቃ ከፊት ፓራፋንጎ ኋላ እየተጠራቀመ ከውስጥ ይበላቸዋል። ጎበዝ ባትላሜራ እንኳ ሁለቱንም ጎን ባንዴ ከቆረጠ ወገቧ ይጎብጥና በሩ አልዘጋም ይላል። ስለዚህ በሩ አይወልቅም። በበሩና በኋላ ፓራፋንጎው መካከል ያለው ክፍተት ከላይም ከታችም ተለክቶ እዚያው ላሜራው ላይ ይጻፋል፤ የበሩ ክፈፍ ከውስጥ በብረት ይወጠራል፤ ከዚያ አንዱ ጎን ብቻ ይቆረጣል። ጥቂት ነጥብ በተበየደ ቁጥር በሩ ተዘግቶ ክፍተቱ እንደገና ይለካል። ልኩ ከሳተ ብየዳው ይፈታል እንጂ በስቱኮ አይሸፈንም። በስቱኮ የተሸፈነ ዝገት ቀለም የተቀባ በሽታ ነው። የላሜራው ሥራ በበጋ ቢያልቅ ይመረጣል፤ በሐምሌ እርጥበት የተገለጠ ብረት ባንድ ሌሊት ይዝጋል።

ብሎኖቹ በኢንች የተለኩ ናቸው። በግማሽ ኢንቹ ላይ 13 ቁጥር መፍቻ የገባ ቢመስልም ጠርዙን ያከብበዋል። ኤሌክትሪኩም ያሳስታል፤ እስከ እ.ኤ.አ. 1967 በተሠሩት ላይ ከቦዲው ጋር የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው። ይህን ያላወቀ ኤሌክትሪሺያን ባትሪውን በለመደው መንገድ ካሰረ ጉዳት ያደርሳል። የሽቦዎቹን ቀለም ማወቅ ይረዳል፦ ቡናማው ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣ ነው፣ ነጩ በቁልፍ የሚከፈት፣ ጥቁሩ መሬት።

ከተማችን ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ይሳሳል። በእንግሊዝ ልክ የተስተካከለው፣ ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለው ኤስ ዩ የተባለው ካርቡራቶሯ እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። ማስተካከያው በጆሮ ነው። ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ እያለ የካርቡራቶሩ ፒስቶን አንድ ሚሊሜትር ያህል ከፍ ይደረጋል። ድምፁ ጨምሮ እዚያው ከቀረ ቤንዚን በዝቷል፤ ሊጠፋ ከተንገዳገደ አንሷል፤ ጥቂት ጨምሮ ከተመለሰ ልክ ነው። ቤንዚኑን የሚጨምረውና የሚቀንሰው ከሥር ያለው ዳዶ ስንት ጠርዝ እንደዞረ ተቆጥሮ መጻፍ አለበት። ወደ አዋሽ የሚወርድ ሰው ከፍታው ከግማሽ በታች ስለሚሆንበት ዳዶውን መልሶ ካላዞረው ቤንዚኑ ያንስና ሞተሩ ይግላል።