ቤተኝነት በመሥሪያ ቤት፦ ብዝኃነትና አካታችነት በጎጃም የወረዳና የቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች

ጎጃም በሦስት በኩል በዐባይ የተከበበ አገር ነው። ዛሬ በዚህ ስም የሚጠራ ክልል የለም። የቀድሞው ጠቅላይ ግዛት በምሥራቅ ጎጃም፣ በምዕራብ ጎጃም፣ በሰሜን ጎጃም፣ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደርና በባሕር ዳር ከተማ ተከፋፍሎ በአማራ ክልል ውስጥ ይገኛል፤ ከሰባቱ አውራጃዎች አንዱ የነበረው መተከል ደግሞ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሥር ነው። ከደጀን እስከ ዳንግላ፣ ከሞጣ እስከ ቡሬ ለሚኖር ገበሬ መንግሥት ማለት ከሁሉ በፊት የወረዳውና የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ነው። መታወቂያ የሚያወጣው፣ የመሬት ይዞታውን ደብተር የሚያስመዘግበው፣ ስለ ማዳበሪያ የሚጠይቀው እዚያ ነው።

በእነዚህ ቤቶች ማን እንደሚቀጠር የሚመለከተው ጉዳይ በቢሮ ቋንቋ ብዝኃነት ይባላል። የተቀጠረው ሰው ሥራውን እንዲሠራ አሠራሩና ሕንፃው መመቻቸታቸው አካታችነት ነው። ሦስተኛው ነገር ግን ገና የጋራ ስም አልወጣለትም፤ አንዳንዱ «የባለቤትነት ስሜት» ይለዋል። እኔ ቤተኝነት የሚለውን እመርጣለሁ። በአማርኛ ቤተኛ የሚባለው ደጅ የማይጠና፣ ሲመጣ ቦታ የሚለቀቅለት፣ ሲቀር «ምን አግኝቶት ይሆን?» የሚባልለት ሰው ነው። በጎጃም መሥሪያ ቤቶች ከሦስቱ ብዙ የቀረው ይኸኛው ይመስለኛል።

«እኛ ጋ ምን ልዩነት አለ?»

ስለ ብዝኃነት ሲነሣ በወረዳ ቢሮዎች ቶሎ የሚሰማው መልስ ይህ ነው። አብዛኛው ሠራተኛ አማርኛ ተናጋሪና የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ ስለሆነ መልሱ ከየዋህነት የሚመጣ ነው፤ ክፋት የለበትም። ግን አንድ መሥሪያ ቤት አንድ ዓይነት መስሎ የሚታየው ብዙ ጊዜ ልዩነት ያለው ሰው ዝም ስላለ ነው።

ከአዊ እንጀምር። በ1994 ዓ.ም. የተሻሻለው የክልሉ ሕገ መንግሥት ለአዊ፣ ለኽምራና ለኦሮሞ የብሔረሰብ አስተዳደር ሰጥቷል፤ የአዊ ማእከል እንጅባራ ናት። የአዊዎች ቋንቋ አውንጊ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይሰጣል፤ በክልሉ መገናኛ ብዙኃንም የአየር ሰዓት አለው። ሆኖም በአዊ ተመድቦ አውንጊ የማይሰማ ባለሙያ ሲገጥማት፣ ከባንጃ ወይም ከአንከሻ የመጣች አሮጊት የመሬት ክርክሯን በልጅ ልጇ አፍ ለማስረዳት ትገደዳለች። ልጁ ከጉዳዩ ግማሹን አያውቀውም፤ ግማሹንም ያፍርበታል። ባለሙያው ደግሞ በቅን ልብ የሰማውን ብቻ ይጽፋል። ቋንቋውን የሚችል አንድ ሠራተኛ ከፊት ጠረጴዛ ላይ መኖሩ የዚያችን ሴት ፋይል ሌላ ፋይል ያደርገዋል።

በጣና ዳር ደግሞ ከደንገል ታንኳ በመሥራት የሚታወቁት ነገደ ወይጦ አሉ። ዛሬ አማርኛ ተናጋሪና ሙስሊም የሆኑት እነዚህ ሰዎች ለዘመናት በአመጋገባቸው ተነውረው፣ በማዕድ ተለይተው ኖረዋል። ከመንግሥት ደመወዝ ተቀባዮች መካከል እነሱን መፈለግ ዛሬም ዓይን ያደክማል።

ከሁሉ ይልቅ የሚደበቀው ግን የእጅ ባለሙያ ልጅነት ነው። ብረት ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ፋቂ፣ ሸክላ ሠሪ ከሚባሉ ቤተሰቦች ተወልዶ፣ ተምሮ፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤት የተቀጠረ ሰው አባቱ ምን ይሠራ እንደነበር ሲጠየቅ ወሬ ይለውጣል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መሳደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። አዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ «ቡዳ» የሚለው ሹክሹክታ ግን ዛሬም ከሻይ ቤቱ ጥግ አልጠፋም። ሰው በሚበላበት ሰዓት ዓይኑን እንዲሰብር የሚገደድ ባልደረባ፣ የሥራ ደረጃው ምንም ቢሆን፣ በዚያ ቤት እንግዳ ነው።

ሌላው ወንዜነት ነው። ከቆላው የመጣ፣ ከደጋው የመጣ፣ ከዐባይ በረሃ አፋፍ የመጣ፣ ከጮቄ ግርጌ የመጣ፤ ቋንቋው አንድ ሆኖ ሳለ ዝውውርና የደረጃ ዕድገት ሲደርስ «የወንዜ ልጅ» የሚለው መለኪያ ብቅ ይላል። ከሌላ ወረዳ ተዛውሮ የመጣ ባለሙያ ዓመት ሙሉ «እንግዳችን» እየተባለ ይጠራል። ጥሪው የአክብሮት ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን ገና አልገባህም ማለት ነው። በሌላ በኩል በ2013 ዓ.ም. ከመተከል የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎች በቻግኒ አካባቢ ተጠልለው ነበር። በየወረዳው ከሰፈሩ ተፈናቃዮች መካከል መምህርም፣ የጤና ባለሙያም፣ የግብርና ባለሙያም ነበረ። የምስክር ወረቀቱ የተቃጠለበትን ሰው እንዴት እንቅጠር የሚለው ጥያቄ የሰው ኃይል ሠራተኞችን ያስጨንቃል፤ ያለ ማስረጃ የመጣ ሁሉ ግን ባለሙያ አይደለም ብሎ መዝጋት ቀላሉ እንጂ ትክክለኛው መንገድ አይደለም።

የቢሮ ወንበርና የጎጃም ትዝታ

በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ማንነት ለጎጃም ሕዝብ አዲስ ጥያቄ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. ከእርሻ ገቢ ግብር ጋር ተያይዞ በተነሣው አመፅ ገበሬው መሬቱ እንዳይለካ፣ ርስቱ እንዳይነካ ብቻ አልተነሣም፤ በጠቅላይ ግዛቱ ገዥ በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴና በሥራቸው ባሉ ሹማምንት አያያዝም ተማርሮ ነበር። መንግሥት በመጨረሻ ከግብሩ ወደኋላ ሲል ገዥውንም አንሥቷል። ከዚያ ታሪክ አንድ ነገር ጎልቶ ይታየኛል፦ ሹሙ አያውቀንም፣ አይሰማንም ያለ ሕዝብ ትክክለኛውን አዋጅም ቢሆን በጥርጣሬ ያየዋል።

ሕጉ ምን ይላል

ሕጉ ብዙ ነው፤ ባጭሩ ልለፈው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሁሉም ሰው በሕግ ፊት እኩል መሆኑን፣ በአንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶች ካለፈው መድልዎ የሚያወጣ የድጋፍ እርምጃ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በፌዴራል ደረጃ በ2010 ዓ.ም. የወጣውና በኋላ በሌላ አዋጅ የተተካው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ተወዳዳሪዎች እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ሲያመጡ ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና በመሥሪያ ቤቱ አነስተኛ ቁጥር ላላቸው ብሔረሰቦች ቅድሚያ እንዲሰጥ አድርጎ ነበር። የወሊድ ፈቃድን ከ90 ወደ 120 ቀን አሳድጓል፤ ለአባትም 10 የሥራ ቀን ሰጥቷል። ክልሎች ለሠራተኞቻቸው የየራሳቸውን አዋጅ ያወጣሉ፤ የአማራ ክልልም የራሱ አለው። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ደግሞ አሠሪው የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች ግዴታ ይጥላል፤ አድልዎ ተፈጸመብኝ ብሎ የሚከስ አካል ጉዳተኛም የማስረዳት ሸክም የለበትም።

ቅጥር፣ ሞተርና ማቆያ

በጎጃም ገጠር ሴቶችን በብዛት ወደ መንግሥት ሥራ ያስገባው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከየአካባቢው የተመረጡ፣ 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁ ወጣት ሴቶች የአንድ ዓመት ሥልጠና እየወሰዱ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ተመደቡ። ለብዙ ቀበሌ ይህ የመጀመሪያዋ ደመወዝተኛ ሴት የታየችበት ጊዜ ነበር። ከእርሷ ጎን የሚሠራው የግብርና ልማት ሠራተኛ በብዛት ወንድ ነው፤ የቀበሌው ሊቀ መንበርም እንዲሁ።

መቀጠር አንድ ነገር ነው፤ ማደግ ሌላ። በወረዳ የቡድን መሪነት ውድድር ላይ የመስክ ልምድ ይጠየቃል። ወደ መስክ የሚወስደው ሞተር ሳይክል ነው። ሞተሩ ሲታደል «እሷ መንዳት አትችልም» ይባላል፤ ሥልጠናው ሲመጣም ሞተር የያዘው ይላካል። በዚህ ዙር ውስጥ ያለች ባለሙያ ከሦስት ዓመት በኋላ «የመስክ ልምድ የላትም» ተብላ ትወድቃለች። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራትም፤ ደንብ የጣሰም የለም። ለዚህ ነው የቁልፉን አደላደል ማየት ከመፈክሩ የሚበልጠው። ለሴት ባለሙያዎች ለብቻ የመንጃ ሥልጠና አዘጋጅቶ፣ ሞተሩን በተራ የሚያስይዝ ኃላፊ ይህን ዙር በአንድ በጀት ዓመት ሊሰብረው ይችላል።

የሕፃናት ማቆያም እንደዚሁ ነው። ሕጉ መሥሪያ ቤቶች እናቶች የሚያጠቡበትና ልጆቻቸውን የሚያቆዩበት ክፍል እንዲያዘጋጁ ያዝዛል። አንድ ቦታ በሩ ላይ «የሕፃናት ማቆያ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ክፍል አይቻለሁ፤ ውስጡ የተሰበረ ወንበርና የቆየ የምርጫ ሣጥን ተከምሮበት ነበር። እናቲቱ ከኋላ፣ ከእንጨት ቤቱ ጥላ ሥር ተቀምጣ ታጠባለች። ጽሑፉ ከመለጠፉ በፊት ክፍሉ መከፈቱን የሚጠይቅ ኮሚቴ ቢኖር ኖሮ ሥራው የአንድ ከሰዓት ጽዳት ነበር።

ስብሰባ ላይ ደግሞ የቡና ጉዳይ አለ። ቡናው ደግ ነገር ነው፤ የሠራተኛውን እቁብና የልቅሶ መዋጮ የሚያስተሳስረው፣ የተኳረፈውን የሚያስታርቀው እሱ ነው። ግን ሁልጊዜ የምታፈላው ያችው ባለሙያ ከሆነች፣ ዋናው ውሳኔ ሲወሰን እሷ ከከሰሉ ጋር ናት።

ዓርብ፣ ጾምና የቀበሌ ስብሰባ

በሃይማኖት ረገድ ከሁሉ የተሻለ የሠራው አንድ ቀላል የሰዓት ማስተካከያ ነው። የመንግሥት ሥራ ሰዓት በሳምንት 39 ነው፤ ከሰኞ እስከ ሐሙስ የምሳ እረፍት ከ6፡30 እስከ 7፡30 ሲሆን ዓርብ ግን ከ5፡30 እስከ 7፡30 ይዘልቃል። ሙስሊሙ ሠራተኛ ማንንም ፈቃድ ሳይለምን ጁምዓውን ሰግዶ ይመለሳል። ልብ ያለው ሰው አካታችነት ምን እንደሆነ ከዚህ ሊማር ይችላል፦ ከአለቃ ቸርነት የማይጠበቅ፣ በሰዓት ሰሌዳው የተጻፈ ነገር። የሙስሊሞች በዓላት በአገር አቀፍ ደረጃ መከበር የጀመሩትም በ1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተደረገው ታላቅ ሰልፍ በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም. ነው።

ሰሌዳ የማይደርስበት የግብዣው ማዕድ ነው። በጎጃም ክርስቲያኑና ሙስሊሙ የየራሱን ሥጋ ይበላል። የጡረታ መሸኛ ሲደረግ አንድ በግ ብቻ ታርዶ ሙስሊሙ ባልደረባ ለስላሳ ይዞ ጥግ ሲቆም ማየት ያሳዝናል። የሚያውቁበት መሥሪያ ቤቶች ሁለት በግ ገዝተው፣ ቢላውንና ድስቱን ለይተው፣ ለሁለቱም እኩል ያቀርባሉ፤ አቅም ከሌለም ድፎ ዳቦና ሻይ ሁሉንም ያስቀምጣል።

በቀበሌ ደረጃ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። ገበሬው በማይሠራበት የበዓል ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን አጸድ መልእክት ማስተላለፍ የተለመደና የሚያዋጣ መንገድ ነው። ግን በዚያ አጸድ የማይገኝ ሙስሊም ቤተሰብ ስለ ማዳበሪያ ምዝገባ የሚሰማው ከቀነ ገደቡ በኋላ ነው። የቀበሌ ሥራ አስኪያጁ ያንኑ መልእክት በገበያ ቀን ቢደግመው ምንም አይጎድልበትም።

ደረጃና ድምፅ

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀሱ ሰዎች መግቢያ እንዲኖራቸው አዟል። ብዙ የወረዳ ቢሮዎች ግን በደረጃ የሚወጣባቸው ናቸው፤ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቱ ራሱ ላይኛው ፎቅ ላይ ሲሆን ደግሞ ያስቆጫል። ክራንች ይዞ የመጣ ባለጉዳይ ታች ቆሞ ሰው ይልካል።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እንዲታወጅ ካደረገው ግጭት ወዲህ በብዙ ወረዳዎች ሥራው በራሱ ተናግቷል። ሠራተኛ ሠራተኛን መጠራጠር ሲጀምር ስለ አካታችነት መናገር ቅንጦት ይመስላል። እኔ ግን በዚያው ሰሞን ደመወዝ ሲዘገይ እቁቡን ለተቸገረ ባልደረባ አስቀድመው የሰጡ ሰዎችን አውቃለሁ።

አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛም አውቃለሁ፤ መስማት ተስኗታል። ለዓመታት ስብሰባ ላይ ከኋላ ትቀመጥና ሲያልቅ በቁራጭ ወረቀት «ስለ ግብር ነበር» ብለው ይጽፉላት ነበር። አንድ ወጣት የሒሳብ ሠራተኛ አጠገቧ መቀመጥ ጀመረና የሚባለውን ዋና ዋና ነገር በደብተር እየጻፈ ያሳያት ጀመር። በሦስተኛው ስብሰባ እጇን አወጣች። በዚያው ደብተር ላይ የጻፈችው እንዲህ ነበር፦ ፋይል የሚጠፋው ከመዝገብ ቤት ሲወጣ ማን እንደወሰደው ስለማይፈረም ነው። የመውጫ መዝገብ ተከፈተ። በዚያ ሩብ ዓመት ሪፖርት እሷ እንደ ወትሮዋ በ«ሴ» ዓምድ አንድ፣ በአካል ጉዳተኛ ዓምድ አንድ ተብላ ተቆጠረች። በቃለ ጉባኤው ላይ ግን ስሟ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሐሳብ ሰጪዎቹ ጋር ተጽፏል።