የዓለም አቀፉ የሬዲዮ ሳይንስ ኅብረት የተማሪዎች የጥናት ጽሑፍ ውድድር

ዓለም አቀፉ የሬዲዮ ሳይንስ ኅብረት (ዩርሲ) እ.ኤ.አ. በ1919 የተመሠረተ ሲሆን ጽሕፈት ቤቱ ቤልጅየም ውስጥ ይገኛል። ዋናው ጉባኤው በየ3 ዓመቱ ይካሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሞንትሪያል ላይ ተሰብስቦ ነበር፤ ለ2020 የታቀደው የሮም ጉባኤ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ 2021 ተገፋ፤ በ2023 ደግሞ ተረኛዋ ሳፖሮ ነበረች። ከጉባኤው ጎን ለጎን የሚካሄደው የተማሪዎች ውድድር ገና ዲግሪያቸውን ያልጨረሱ ተመራማሪዎች፣ በተለይም የዶክትሬት ተማሪዎች፣ በመስኩ አንጋፋዎች ፊት ሥራቸውን የሚያስመዝኑበት መድረክ ነው።

የኅብረቱ ሥራ በ10 ኮሚሽኖች የተከፈለ ነው፤ ከኤ እስከ ኬ ባሉት የላቲን ፊደላት የሚጠሩ ሲሆን አይ የምትባለዋ ፊደል ተዘላለች። ኮሚሽን ቢ ስለ ኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገዶች፣ ጄ ስለ ሬዲዮ አስትሮኖሚ፣ ኬ ሞገዶቹ በሕክምናና በሥነ ሕይወት ስላላቸው ሚና ያጠናል። ለኢትዮጵያ ተማሪ ከሁሉም የሚቀርበው ጂ ነው። ይህ ኮሚሽን የሚያጠናው አዮኖስፌርን፣ ማለትም የፀሐይ ጨረር አየሩን በኤሌክትሪክ የሞላበትን የላይኛውን የከባቢ አየር ክፍል ነው።

ተወዳዳሪው ለጉባኤው እንደማንኛውም ተሳታፊ አጭር ጽሑፍ ያስገባል። በዚያ ላይ ለውድድሩ ብቻ የሚሆን ሙሉ የጥናት ጽሑፍ ይጨምራል። ብዙ ተማሪ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። አጭሩን ጽሑፍ በመጨረሻው ሌሊት ጨርሶ ያስገባል፤ ሙሉው ግን በአንድ ሌሊት አይጻፍም። ጉባኤው ነሐሴ ላይ ከሆነ ጽሑፍ መቀበያው አብዛኛውን ጊዜ ጥር አካባቢ ስለሚዘጋ መስከረም ላይ መጀመር ይበጃል።

ተማሪው የጽሑፉ የመጀመሪያ ደራሲ መሆን አለበት፤ የአማካሪውም ደብዳቤ ይያያዛል። ደብዳቤው ሁለት ነገር ያረጋግጣል፦ ጸሐፊው በትምህርት ላይ ያለ ተማሪ መሆኑንና ሥራው በዋናነት የእሱ መሆኑን። ይህ ደብዳቤ ለይስሙላ የሚጻፍ አይደለም፤ ውድድሩ የሚመዝነው የተማሪውን ድርሻ ነውና። ስለዚህ ከቡድን ሥራ የተቆረጠ ሰፊ ጽሑፍ ከማስገባት ይልቅ ተማሪው ራሱ ከመነሻው እስከ መድረሻው የያዘውን አንድ ጥያቄ ማቅረብ ይሻላል። የመመረቂያ ጽሑፍን አንድ ምዕራፍ ቆርጦ መለጠፍም አያዋጣም። ምዕራፉ ቀዳሚ ጥናቶችን በመዘርዘር ብዙ ገጽ ይፈጃል፤ ዳኛው ግን በመጀመሪያው ገጽ ላይ አዲሱን ነገር ማግኘት ይፈልጋል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ፣ ማለትም የምድር መግነጢሳዊ መስክ ከመሬት ጋር ትይዩ የሚሆንበት መስመር፣ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። በዚህ መስመር ላይ፣ ከመሬት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ፣ በቀን ጠንካራ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይሄዳል፤ ባለሙያዎች ኤሌክትሮጄት ይሉታል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ የመግነጢስ መለኪያ ጣቢያ አለ፤ ከመግነጢሳዊው ወገብ በስተሰሜን፣ ፍሰቱ በሚዳከምበት ቦታ፣ ደግሞ አዲግራት ላይ ሌላ መለኪያ ተተክሏል። ሁለቱ ጣቢያዎች የለኩት ሲቀናነስ የኤሌክትሮጄቱ ጥንካሬ ይታወቃል። ይህን ዘዴ ተጠቅሞ አንድ የፀሐይ ማዕበል በደረሰበት ቀን ፍሰቱ እንዴት እንደተለዋወጠ የሚያሳይ ተማሪ፣ ከዚያም ምሽት ላይ የጂፒኤስ ምልክት እንዴት እንደተናወጠ አያይዞ ቢያቀርብ፣ አንድ ጥያቄና አንድ መልስ ያለው ጽሑፍ በእጁ ገባ ማለት ነው። ቦታው ራሱ ሀብት ነው። ይህን ሀብት በሚገባ የሚጠቀሙበት የራሳችን ተማሪዎች እንዲሆኑ እመኛለሁ፤ መረጃውን ከሩቅ ሆነው የሚተነትኑ ብዙዎች ናቸውና።

ለመጨረሻው ዙር ያለፉት ጉባኤው ላይ ቀርበው ያስረዳሉ፤ ዳኞችም ከጽሑፉ ጋር አቀራረቡን ያያሉ። ከንግግሩ ይልቅ የሚያስጨንቀው የጥያቄና መልሱ ጊዜ ነው። «ይህን ስሌት አንተ ነህ የሠራኸው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው በሥራው ውስጥ ኖሮ የሚያውቀው ሰው ዘንድ ነው። የተሻሉት የገንዘብ ሽልማት ያገኛሉ። ስማቸው በሥራ ልምዳቸው ላይ የሚያኖረው ክብደት ግን ከገንዘቡ ይበልጣል፤ የድኅረ ዶክትሬት ቦታ የሚሰጡት ፕሮፌሰሮች እዚያው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል።

አሜሪካ የሚማሩ ኢትዮጵያውያን ሌላም አማራጭ አላቸው። ኮሎራዶ ውስጥ ቦልደር ላይ በየዓመቱ ጥር ወር የሚካሄደው ብሔራዊ የሬዲዮ ሳይንስ ጉባኤ በሬዲዮ ሳይንቲስቱ በኧርነስት ስሚዝ ስም የሚጠራ የተማሪዎች ውድድር ያዘጋጃል።

ከአገር ቤት ለሚነሣ ተማሪ ትልቁ እንቅፋት ወጪው ነው። ለዚህም ኅብረቱ ለወጣት ሳይንቲስቶች የሚሰጠውን ሽልማት ለብቻው ማመልከት ያስፈልጋል፤ የምዝገባ ክፍያን ጨምሮ የጉባኤውን ወጪ በማቃለል ይረዳል፤ ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡም ትኩረት ይሰጣል። የአውሮፕላን ቲኬቱ ግን ብዙ ጊዜ በአመልካቹ ላይ ይወድቃል፤ ዩኒቨርሲቲውን ቀደም ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። ቪዛም ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ተቀባይነት የሚገልጸው ደብዳቤ በደረሰ ሳምንት የኤምባሲ ቀጠሮ መያዝ ያስፈልጋል።