«ዶክተር፣ 17 ወጣ፤ አለቀልኝ?» ስለ ጉበት ጥንካሬ ምርመራ የሚወራውና እውነታው

ኢላስቶግራፊ ጉበት ምን ያህል እንደጠነከረ በአልትራሳውንድ የሚለካ ምርመራ ነው። ብዙ ሰው «ፋይብሮስካን» ይለዋል፤ እሱ ግን የአንድ ማሽን ስም ነው። ውሎዬ ሐዋሳ ውስጥ የሰው ጎን ላይ ጄል መቀባት ስለሆነ ስለዚህ ምርመራ የማልሰማው ወሬ የለም። አብዛኛውን በአጭሩ እመልሳለሁ። አንዱ ግን አናቴ ላይ ወጥቷል።

«ጨረር አለው፣ ያማል።» የለውም፣ አያምም። በአንዳንዱ ማሽን የጎን አጥንታችሁ መሃል መታ መታ ሲያደርግ ይሰማችኋል፣ በቃ።

«መጠጥ አልቀምስ፣ ምን አገባኝ?» ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ጠጪና ጾመኛ አይለይም። ስኳር ያለበትና ቦርጭ ያወጣ ሰውም ጠብታ ሳይቀምስ ጉበቱ ላይ ስብ ሊከማች ይችላል።

«አልትራሳውንድ ተነስቼ ንጹህ ነው ተብያለሁ።» እሰየው! ግን ተራው አልትራሳውንድ የሚያሳየው የጉበቱን መልክ ነው። ገና የጀመረ ጠባሳ ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። ኢላስቶግራፊ ደግሞ ጉበት ውስጥ ትንሽ ሞገድ ይልክና ፍጥነቱን ይለካል፤ ጉበቱ በጠነከረ ቁጥር ሞገዱ ይፈጥናል። አቮካዶ ስትገዙ አይታችሁ ብቻ አትከፍሉም፣ ጫን ጫን ታደርጋላችሁ። ነገሩ እንደዚያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው፦ «ቁጥሩ ከፍ ካለ ጉበቴ አልቋል።»

ሰዉ ውጤቱን እንደ ማትሪክ ውጤት ይዞት ይዞራል። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ጉግል ይደረጋል፣ ለቅሶ ይጀመራል። አንድ ወጣት የባጃጅ ሹፌር ሌላ ቦታ ተለክቶ 17 ኪሎፓስካል (የጥንካሬ መለኪያው ነው) ወጥቶለት መጣ። «ሲሮሲስ ነው» ተብሏል፤ ጉበቱ በጠባሳ ተሞልቷል ማለት ነው። ባጃጁን ሊሸጥ ገዢ እያነጋገረ ነበር። ቀና ብዬ ሳየው ዓይኑ ቢጫ ነው። ቤት ውስጥ «የወፍ በሽታ ነው» ብለው የሀገር መድኃኒት ሲያጠጡት ሰንብተዋል። የደም ውጤቱን ተቀብዬ አየሁት፤ የጉበት ኢንዛይሞቹ ከመደበኛው በብዙ እጥፍ ጨምረዋል። በዚህ ሰዓት ጉበት መለካት ምን ይጠቅማል? በድንገት የተቆጣ ጉበት ያብጣል፣ ሲያብጥ ይጠነክራል፤ ያ ጠባሳ ነው ማለት አይደለም። የሚያጠጡትን እንዲያቆም፣ ሐኪሙ ጋ እንዲመላለስ፣ ኢንዛይሙ ሲረጋጋ እንዲመለስ ነገርኩት። ከወራት በኋላ ስለካው 6 አካባቢ ሆነ። ባጃጁም አልተሸጠም።

ቁጥሩን ከፍ የሚያደርገው ይህ ብቻ አይደለም። የሐሞት ቱቦ ሲዘጋ ከፍ ይላል። ልብ ደክሞ ደም ወደ ኋላ ሲከማችም ከፍ ይላል። ምግብ ራሱ ከፍ ያደርገዋል፤ ከበላን በኋላ ወደ ጉበት የሚሄደው ደም ስለሚጨምር። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ምንም ሳትበሉ ኑ እንላለን። ሰዉ ግን ፒያሳ ላይ ፉሉን ጥርግ አድርጎ በልቶ ይመጣና «ትንሽ ነው የቀመስኩት» ይለኛል። ምን ላድርግ፣ ተመለስ እለዋለሁ፣ ይኮራረፈኛል።

የመለኪያው ነገር ደግሞ አለ። አንዲት እናት «ልጄ፣ በሁለት ሳምንት ከ1.6 ወደ 7.7 ወጣ» እያሉ አለቀሱብኝ። ሁለቱንም ወረቀት አየሁ። አንዱ ማሽን በሜትር በሰከንድ ነው የጻፈው፣ ሌላው በኪሎፓስካል። ፍጥነቱን በራሱ አባዝታችሁ በ3 ብታባዙት ያው 7.7 ነው። የእማማ ጉበት ምንም አልሆነም። ይህን ሳያስረዳ ወረቀት አስይዞ የሚሸኝ ባለሙያ ያናድደኛል።

ደግሞም አንድ ቁጥር ብቻ አትቀበሉ። በፋይብሮስካን 10 ትክክለኛ ልኬት ተወስዶ መካከለኛው ነው የሚጻፈው። ልኬቶቹ ምን ያህል እንደተራራቁም በመቶኛ አብሮ ይወጣል፤ ከ30 በመቶ ካለፈ፣ በተለይ ቁጥሩ ከ7 በላይ ከሆነ፣ አትመኑት። በ2024 የዓለም ጤና ድርጅት ለሄፓታይተስ ቢ ባወጣው መመሪያ በዚህ ዓይነት ማሽን ከ7 በላይ ጉልህ ጠባሳ፣ ከ12.5 በላይ ሲሮሲስ ያመለክታል። ወሰኑ የሄፓታይተስ ቢ ነው፤ በሌላ በሽታ ወይም በሌላ ማሽን የተለካውን በዚህ አትመዝኑት።

«ዝቅ ካለ ነፃ ነኝ» የሚለውም ልክ አይደለም፣ እኛ ሐይቅ ዳር ያለን ሰዎች በተለይ። የአንጀት ቢልሃርዝያ በሐዋሳ ሐይቅ ዙሪያ አለ። የትሉ እንቁላል ጠባሳ የሚሠራው ወደ ጉበት ደም በሚያመጡት ሥሮች ዙሪያ ነው፤ የጉበቱ ሥጋ ለስላሳ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። አሞራ ገደል ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ አንድ አባት 6 ነው የወጣላቸው። ደሙ በጉበት በኩል ማለፊያ ስለጠበበው ግን ጣፊያቸው አብጦ እምብርታቸው ጋ ደርሷል። ያው ግፊት የጉሮሮና የጨጓራ ሥሮችን ወጥሮ ሊያደማ ይችላል። ደም ያስመለሰ ሰው ቁጥሩ ዝቅ አለ ተብሎ ወደ ቤቱ አይላክም፤ ጉሮሮና ጨጓራው በኢንዶስኮፒ፣ በአፍ በሚገባ የካሜራ ቱቦ፣ ይታያል።

«ወፍራም ሰው ላይ አይሠራም።» ለእሱ ሌላ መለኪያ እጀታ አለው። ፋይብሮስካን የሚያስቸግረው ሆድ ውስጥ ውሃ ሲጠራቀም ነው።

«ይህን ከተነሳሁ ካንሰር የለብኝም።» ካንሰር አይፈልግም። ሲሮሲስ ያለበት ሰው በየ6 ወሩ ተራውን አልትራሳውንድ ይነሳል።

«የጠነከረ ጉበት አይመለስም።» ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ቫይረሱን የሚያፍነውን መድኃኒት፣ ቴኖፎቪርን፣ በአግባቡ ሲወስድ ጠባሳው ሊቀንስ ይችላል። ግን ቁጥሩ ወረደ ብላችሁ መድኃኒቱን በራሳችሁ እንዳታቆሙ፤ ቫይረሱ ተነስቶ ጉበቱን ክፉኛ ሊያስቆጣው ይችላል።

«ማሽኑ ከሌለ መታከም አይቻልም» የሚሉም አሉ። ይቻላል። ኤ ኤስ ቲ የሚባለው የጉበት ኢንዛይምና ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ሕዋሳት ቁጥር) ለመነሻ ይበቃሉ። ኤ ኤስ ቲ 60፣ የላብራቶሪው የላይኛው ወሰን 40፣ ፕላትሌት 200 ሺህ ከሆነ፦ 60 ለ40 ሲካፈል 1.5፣ በ100 ሲባዛ 150፣ ለ200 ሲካፈል 0.75። በዚያው የዓለም ጤና ድርጅት የሄፓታይተስ ቢ መመሪያ ከ0.5 በላይ ማለት ጉልህ ጠባሳ ይጠረጠራል፣ ሕክምና ይታሰባል ማለት ነው። አዲስ አበባ ድረስ ለትራንስፖርትና ለአልጋ ከማውጣታችሁ በፊት ሐኪማችሁ ይህችን ስሌት ይሥራላችሁ፤ ሁለቱም ምርመራ ብዙ ላብራቶሪ ውስጥ አለ።