አንገትን ያለ መሣሪያ ማጠንከር

የአዋቂ ሰው ጭንቅላት ከ4.5 እስከ 5 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ይህን ሸክም ቀኑን ሙሉ የሚይዙት 7 የአንገት አጥንቶችና በዙሪያቸው ያሉት ጡንቻዎች ናቸው። ቀጭኔ እንኳ ያላት 7 ብቻ ነው፤ የእሷ ረዘሙ እንጂ አልበዙም። ጭንቅላት ከትከሻ በላይ ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ ክብደቱ በአብዛኛው አጥንቶቹ ላይ ያርፋል። ስልክ ላይ ስናቀረቅር ግን የማጅራት ጡንቻዎች ወደ ኋላ ጎትተው መያዝ ይኖርባቸዋል። ማታ ላይ «ማጅራቴን ያዘኝ» የሚያሰኘው አንዱ ነገር ይኸው ነው።

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከግፊያው ነው። መዳፍን ግንባር ላይ አድርጎ በግንባር እጅን መግፋት፣ በእጅ ደግሞ መመከት። ጡንቻው ይወጠራል፤ አንገት ግን ንቅንቅ አይልም። ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ይዞ መልቀቅ ነው። ቀጥሎ እጅን ከጭንቅላት ኋላ፣ ከዚያም ከጆሮ በላይ በግራና በቀኝ አድርጎ ያንኑ መድገም። ያለን ጉልበት ሁሉ አይጠየቅም፤ ሲጀመር ከግማሹም ያነሰ ይበቃል። ትንፋሽ መያዝ ደግሞ የተለመደ ስህተት ነው።

ለእኔ ከሁሉም ዋናው አገጭን ወደ ኋላ መሳብ ነው። ቀና ብሎ ተቀምጦ፣ ወደ ታች ሳያቀረቅሩ፣ አንድ ሰው አገጭዎን በጣት የገፋዎት ያህል ወደ ኋላ ማለት ነው። ድርብ አገጭ ስለሚያወጣ ሰው ፊት ባይሠራ ይመረጣል! ጥቅሙ ግን ቀላል አይደለም። ከጉሮሮ ጀርባ አጥንቱ ላይ የተለጠፉ ጥልቅ ጡንቻዎች አሉ። በመስታወት አይታዩም፤ አንገትን አጽንተው የሚይዙት ግን እነሱ ናቸው። በጀርባ ተኝቶ ጭንቅላትን ሳያነሱ «አዎ» እንደሚል ሰው በትንሹ መነቅነቅም እነዚሁኑ ያሠራል። ያኔ ከጆሮ ጀርባ ወደ ደረት የሚወርዱትን ሁለቱን ወፍራም ጡንቻዎች በጣት መንካት ነው። ከተገተሩ እንቅስቃሴው በዝቷል ማለት ነው።

ይህ ሲለመድ ክብደቱ ራሱ ጭንቅላት ይሆናል። በጎን ተኝቶ ጭንቅላትን ከወለሉ ትንሽ ከፍ አድርጎ መያዝ፣ ከዚያ በሌላው ጎን። በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን፣ በየአቅጣጫው ከ5 እስከ 10 ጊዜ መሥራት ለጀማሪ ጥሩ ነው። ትከሻን ወደ ጆሮ ማንሳትና ማውረድም አይከፋም፤ ከማጅራት እስከ ትከሻ የተዘረጋው ትልቁ ጡንቻ የጋራ ነውና።

ትግለኞች በጭንቅላታቸው መሬት ተደግፈው ጀርባቸውን እንደ ድልድይ ያጎብጣሉ። ለእነሱ ሥራቸው ነው። ገና ለጀመረ ሰው ግን የአንገት አጥንቶችን ክፉኛ ይጫናል፤ ቢቀር ይሻላል። እጅን የሚያደነዝዝ፣ ክንድን የሚያዝል ወይም ራስን የሚያዞር ነገር ካለ፣ ወይም በቅርቡ መውደቅ ወይም የመኪና አደጋ ደርሶ ከሆነ፣ ከየትኛውም እንቅስቃሴ በፊት ሐኪም ጋ መሄድ ይቀድማል።