ክሮኒክ ዌስቲንግ ዲዚዝ ምንድን ነው?

አሜሪካ ውስጥ አንድ ቤተሰብ የአጋዘን (በእንግሊዝኛ ዲር የሚባለው) ግልገል መንገድ ዳር አግኝቶ በጡጦ ያሳድጋል። ከዚያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ሰዎች መጥተው ይወስዱታል፤ አንዳንዴም ይገድሉታል። እንዲህ ያለ ታሪክ ፌስቡክ ላይ ሲዞር እዚህ ሐዋሳ ያለነውም «ምን ዓይነት ጭካኔ ነው!» እንላለን። ለዚህ ጥብቅነት አንዱ ትልቅ ምክንያት ክሮኒክ ዌስቲንግ ዲዚዝ የሚባለው፣ አጋዘንን ቀስ በቀስ አመንምኖ የሚገድል በሽታ ነው።

መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1967 ኮሎራዶ ውስጥ፣ ለምርምር በግቢ በተያዙ አጋዘኖች ላይ ነው። የሚያመጣው ባክቴሪያም ቫይረስም አይደለም። ፕሪዮን የሚባል፣ ቅርጹ የተበላሸ ፕሮቲን ነው። ጤነኞቹን ፕሮቲኖች እንደራሱ እያጣመመ አንጎልን ይበሳሳል። እንስሳው ይከሳል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ሰው ሲጠጋው አይሸሽም። የእብድ ላም በሽታ ዘመድ ነው። መድኃኒትም ክትባትም የለውም። ወደ ሰው መተላለፉ እስካሁን አልተረጋገጠም፤ የታመመውን ሥጋ አትብሉ የሚለው ምክር ግን ጥብቅ ነው።

ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። የተያዘ አጋዘን ከአንድ ዓመት በላይ ጤነኛ መስሎ ሊቆይ ይችላል። በዚህ ጊዜም በምራቁ፣ በሽንቱና በፋንድያው ፕሪዮኑን ይረጫል። አፈር ላይ ያረፈው ለዓመታት ይቆያል፤ ማፍላትም አያጠፋውም። አስተማማኙ ምርመራ ደግሞ እንስሳው ከሞተ በኋላ የሚደረገው ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያሉ ግልገሎች የሚያድጉበትን ማገገሚያ ጣቢያ አስቡት። ከየአቅጣጫው የመጡ ግልገሎች ከአንድ ገንዳ ይጠጣሉ፤ ሲያድጉ ጫካ ይለቀቃሉ። አንዱ ከታመመ በሽታው አብሮ ይለቀቃል። ስለዚህ በሽታው ባለባቸው አካባቢዎች ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች አጋዘንን ማሳደግና አስታሞ መልቀቅ ከልክለዋል። ሌሎቹ ፈቃድ ላለው ብቻ፣ እሱንም ከተገኘበት አካባቢ ሳይርቅ ይፈቅዳሉ። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2016 በሽታውን ዱር ውስጥ ስታገኝ፣ ኋላ 2,000 ገደማ እንስሳት ያሉትን መንጋ ሙሉ በሙሉ አስወግዳለች።

እኔ ሕጉን እደግፋለሁ። ግልገል ላሳደገ ቤተሰብ ጥብቅ ሆኖ ለአጋዘን እርባታ ነጋዴ የሚላላ ሕግ ግን አይዋጥልኝም። ደቡብ ኮሪያ በሽታው የገባው ከካናዳ በተገዙ እንስሳት ነው።

ይህ በሽታ የእኛን ድኩላና ቆርኬ ሲይዝ አልታየም፤ ዘራቸው ሌላ ነው። ነገሩ ግን ይመለከተናል። በክፉ ቀን ዘመን ከብታችንን የፈጀው የደስታ በሽታ ጎሹንም አልማረም። ዛሬም በሰንቀሌ የቆርኬ መጠለያ ከብቱና ቆርኬው የሚግጡት አንድ ሣር ነው። ከፍየል ጋር ያደገ ድኩላ ጫካ ሲለቀቅ ደስታ መሰል የሚባለውን የፍየልና የበግ በሽታ ይዞ ሊገባ ይችላል።

ደግሞ ብዙ ጊዜ «ተጥሏል» የምንለው ግልገል አልተጣለም። እናት ድኩላ ልጇን ቁጥቋጦ ውስጥ ሸሽጋ ለግጦሽ ትሄዳለች። ግልገሉ አንገቱን መሬት ላይ ዘርግቶ ድምፅ ሳያሰማ ይተኛል። ቢነኩት እንኳ ላይነሳ ይችላል። የሚጠብቀው እናቱን ነው፤ ለማጥባት ትመለሳለች። ሰው ከጎኑ ከቆመ ግን አትጠጋም።

በእኛም አገር የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ቤት ማኖር ክልክል ነው። ስለዚህ ወንዶ ገነት ጫካ ዳር ግልገል ብታገኙ ውሻችሁን ያዙና ራቁ። ከቆሰለ ወይም እናቱ መሞቷን ካያችሁ ለአካባቢው የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሙያ ደውሉ። እስኪመጣ ጥላ ውስጥ አቆዩት፤ የላም ወተት አትስጡት፣ ሆዱን ያበላሸዋል። ከፍየሎቻችሁ ጋር አንድ በረት እንዳታስገቡት።